የቃዲው ግቢ ድመቶች

ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክለት ደብዳቤ የጻፈው ለግብፁ ሱልጣን ለባይባርስ ነው። ደብረ ብርሃን ታሪክ ሳስተምር ስለ ባይባርስ የማውቀው ከደብዳቤውና በ1260 ዓይን ጃሉት ላይ ሞንጎሎችን ከመቱት የጦር መሪዎች አንዱ ከመሆኑ አያልፍም ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለድመቶች መሬት ትቷል መባሉን የሰማሁት ካይሮ ከገባሁ ወዲህ ነው።

ነገሩን በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ነው። መሬቱ በከተማው ሰሜን፣ ባይባርስ ካሠራው መስጊድ አጠገብ የነበረ የአትክልት ቦታ ሲሆን የድመቶች ቀለብ ከገቢው እንዲወጣ ወቅፍ ተደርጎ ነበር። ወቅፍ ለእኛ ሰው በጉልት ቢገለጽ ይቀላል። ንጉሥ ለደብር ጉልት ሲሰጥ የነካው የተገዘተ ይሁን ብሎ ያስጽፍ እንደነበረ ሁሉ፣ ወቅፍም አይሸጥም፣ አይለወጥም። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ባለአደራዎቹ «መሬቱ ጠፍ ሆኗል፣ ለማልማት ብዙ ወጪ ይጠይቃል» እያሉ ሸጡት፤ የገዛውም መልሶ ሸጠው። በሌን ዘመን ለድመቶቹ የቀረው በዓመት 15 ቂርሽ ብቻ ነበር።

ዕዳው የወደቀው በቃዲው፣ በሸሪዓ ዳኛው ላይ ነው። የወቅፍ ሁሉ ጠባቂ እርሱ ነበርና፣ የቀደሙት ያጠፉትን ከኪሱ ይከፍል ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በአስር ሶላት ሰዓት፣ በፍርድ ቤቱ ሰፊ ግቢ ለድመቶች ምግብ ይበተን ነበር። ይህን የሚያውቅ የካይሮ ሰው ድመት ሲሰለቸው አምጥቶ እዚያው ግቢ ይለቃት ነበር። በእኛ አገር ሌባ ድመት በጆንያ ተደርጎ ወንዝ ማዶ ይጣላል፤ የካይሮዎቹ ቢያንስ እህል ያለበትን ቦታ መርጠዋል። የማዝነው ግን ለቃዲው ነው። ቀለቡ በታወቀ ቁጥር የሚጣለው ድመት ይበዛ ነበር፣ ገንዘቡ ግን ያው 15 ቂርሽ ነበር። ሌን ራሱ አመጋገቡ በኋላ ላይ እጅግ መጓደሉን ጽፏል፤ በቃዲው አልፈርድበትም።

መስጊዱም ብዙ አይቷል። የናፖሊዮን ወታደሮች ምሽግ አደረጉት፤ እንግሊዞች ደግሞ ቄራ። (የሰፈሩ ድመቶች በታሪካቸው የጠገቡት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።) ታድሶ የተከፈተው በ2023 ነው።

የቃዲው ጣጣ ዛሬ እኔ ባለሁበት ሕንፃ ምድር ቤት ደርሷል። ጎረቤቶች ሐጃ የሚሏቸው፣ እኔ እማማ የምላቸው መበለት ድመት እንደሚያበሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚህ የተነሣ ሌሊት ካርቶን ሙሉ ግልገል በራቸው ላይ ተቀምጦ ያድራል። ወቅፍ የላቸውም፣ ያላቸው የባላቸው ጡረታ ነው። ከቃዲው የሚሻሉት ግን ድመቶቹን አብልተው ብቻ አለመተዋቸው ነው። ግልገሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው መብላት ሲጀምሩ ቤት ይፈልጉላቸዋል። አይጥ ያስቸገረው ቅመም ነጋዴ አንዷን ይወስዳል፣ የዳቦ ቤቱ ዱቄት መጋዘን ሌላዋን። ለእኔም ሁለት ሊሰጡኝ ሞክረው ነበር፣ አከራዬ እንቢ አለ። ለሴት ግልገል ወሳጁ የማምከኛውን ዋጋ ግማሽ አስቀድሞ ይከፍላል። ቅመም ነጋዴው «ዋጋው በዛ» ብሎ ሲከራከራቸው ሰምቻለሁ፤ እማማም «እንግዲያው አይጥህን አሳድግ» ብለው በሩን ዘጉበት።