ቋንቋና ምክር ቤት በኤርትራ ፌዴሬሽን

ኤርትራ መስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ስትተባበር የራሷን ሕገ መንግሥት ይዛ ነበር። ከዚህ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 38 ዘወትር የሚጠቀሰው ትግርኛንና ዓረብኛን የመንግሥት ቋንቋ ስላደረገ ነው። ሁለተኛው ክፍሉ ግን ተዘንግቷል፤ ይኸውም ሌሎቹ ሕዝቦች፣ ኩናማው፣ ሳሆው፣ ቢለኑም ጭምር፣ በየቋንቋቸው ባለሥልጣን ፊት ጉዳያቸውን እንዲያቀርቡና ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩበት የሚፈቅደው ነው። 68 አባላት የነበሩት ምክር ቤት ሕጉን ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ሲቀበል ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ካገናኙት ነገሮች አንዱ ይኸው የቋንቋ ስምምነት ነበር።

ይሁን እንጂ ፌዴሬሽኑ ለብቻው የቆመ ምክር ቤት አልነበረውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት የፌዴራሉ ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተሰጠ። ሁለቱ ወገኖች በእኩል ቁጥር የሚቀመጡበት የፌዴራል ሸንጎ ተደንግጎ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን ምክር ከመስጠት አላለፈም። ስለዚህ አንቀጽ 38ን የሚጠብቁት አሥመራ ያሉት ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ብቻ ሆኑ። ብዙዎች ጥፋቱን በሰዎቹ ላይ ያደርጉታል፤ በእኔ አሳብ ግን ጉድለቱ ከጥንስሱ ነበረ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የግዛቱ ኦፊሴል ቋንቋ ሲያደርግ ስለ ሁለቱ አንዳች አላነሣም። ውሎ አድሮም አማርኛ በኤርትራ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ስፍራቸውን ወሰደ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ምክር ቤቱም አብሮ ቀረ።