ወደ ፑያለፕ የተመለሱት

ኖቬምበር 25 ቀን 1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲያትል ውስጥ ሬይነር ጎዳና ዳር በነበረው ሲክስ ስታዲየም መኪኖች ተሰለፉ። ጉዟቸው ከከተማዋ በስተደቡብ ወደምትገኘው ፑያለፕ ነበር። የጃፓን ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ደረታቸው ላይ ካርድ አንጠልጥለዋል። በ1942 መንግሥት እንዲሁ እንደ ሻንጣ ካርድ አንጠልጥሎባቸው ወደዚያው ስፍራ አግዟቸው ነበር። አሁን የሚመለሱት በፈቃዳቸው ነው።

ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቁጥር 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። ከምዕራቡ ጠረፍ 120 ሺሕ የሚሆኑ የጃፓን ተወላጆች ያለ ክስና ያለ ፍርድ ከቤታቸው ተነቀሉ። አብዛኞቹ እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። የሲያትልና የአካባቢዋ ከሰባት ሺሕ በላይ ሰዎች በፑያለፕ የትርኢት ሜዳ ላይ በጥድፊያ በተሠሩ የጣውላ ክፍሎች ታጎሩ። የተመልካች መቀመጫ ሥር የኖሩም ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ አይዳሆ ውስጥ ወዳለው የሚኒዶካ ካምፕ ተጋዙ።

ትተውት የሄዱት ሰፈር ኒሆንማቺ የሞቀ ነበር። ኒፖን ካን የተባለው ቲያትር በ1909፣ ፓናማ ሆቴል ደግሞ በ1910 ተሠርተዋል። በሆቴሉ ምድር ቤት የጃፓኖች የሕዝብ መታጠቢያ ነበረ። ከ1932 ጀምሮ በሜይን ጎዳና ላይ የሙታን መታሰቢያ የሆነው የክረምት ጭፈራ፣ ቦን ኦዶሪ፣ ይደምቅ ነበር። ከቤተሰቦቹ አንዳንዶቹ ሲሄዱ ሻንጣቸውን ለፓናማ ሆቴል ምድር ቤት አደራ ሰጡ። ከሻንጣዎቹ መካከል ባለቤት ሳይመጣላቸው የቀሩ አሉ። ሆቴሉ በኋላ ሻይ ቤት ሲከፍት ወለሉ ላይ መስታወት ተገጠመ፤ ሻይ የሚጠጣ ሰው ቁልቁል ዐይኑን ሲጥል እነዚያን ሻንጣዎች ያያል።

ከጦርነቱ በኋላ ወላጆች ስለ ካምፑ አይናገሩም ነበር። ኀፍረቱ የበደለኛው መሆን ሲገባው በተበዳዩ ላይ ወደቀ፤ ለእኔ ከግዞቱ ሁሉ መራራው ይህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሄንሪ ሚያታኬ የተባለ የቦይንግ መሐንዲስና ጓደኞቹ መንግሥት ካሳ ይክፈል ብለው ዕቅድ ቢያወጡም ብዙዎቹ የራሳቸው ሰዎች ቁስል አትንኩ አሏቸው። ነገሩን ያንቀሳቀሰው የመታሰቢያ ቀን ይደረግ የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ከገፉት አንዱ ፍራንክ ቺን የተባለው ቻይናዊ አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ነበር። ጥሪው ከነቤተሰብ ወደ ፑያለፕ ኑ የሚል ነበር። ለፖለቲካ ስብሰባ ከቤቱ የማይወጣ ሽማግሌ፣ ልጁና የልጅ ልጁ ሲሄዱ አብሮ ወጣ። አዘጋጆቹ ማን ይመጣል ብለው ሲሰጉ ከሁለት ሺሕ በላይ ሰው ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ዝምታው ተሰበረ። በ1980 ኮንግረስ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በዓመቱ ሽማግሌዎቹ በአደባባይ ቆመው መሰከሩ። ኦገስት 10 ቀን 1988 ፕሬዚዳንት ሬገን በሕይወት ላለ እያንዳንዱ ተበዳይ ይቅርታና 20 ሺሕ ዶላር የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ። ክፍያው በ1990 ከሁሉ በዕድሜ ከገፉት ተጀመረ።

መኪኖቹ የተሰለፉበት ስታዲየም ዛሬ የለም፤ በቦታው የግንባታ ዕቃ መደብር ቆሟል። ሬይነር ጎዳናን ይዞ ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው ግን የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና የኮሚዩኒቲያችን ማዕከል የሚገኙት እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ልጆቻችን የሚያድጉበት መንገድ ይህን ታሪክ የተሸከመ መሆኑን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ዕድሉም ቅርብ ነው። የመታሰቢያው ቀን በየዓመቱ ትእዛዙ በተፈረመበት ወር፣ በፌብሩዋሪ፣ ይታሰባል። ቦን ኦዶሪ ደግሞ በጁላይ በሜይን ጎዳናው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ዘንድ ይጨፈራል፤ ከበዓሉ በፊት ያሉት የልምምድ ምሽቶችም ለማንም ክፍት ናቸው። ከጭፈራዎቹ አንዱ ታንኮ ቡሺ የከሰል ቆፋሪዎች ነው፦ ሁለቴ መቆፈር፣ ከሰሉን በትከሻ ላይ አሳልፎ መጣል፣ እጅን ግንባር ላይ አድርጎ ማየት፣ ጋሪውን መግፋት። የሚያውቁት በውስጠኛው ክብ ሲዞሩ ጀማሪው ከኋላ ሆኖ እጃቸውን እያየ ይከተላል።