ጥለት፣ ክታብና ቲሸርት፦ የንድፍ ገቢ ታሪክ በጎንደር

ጎንደር በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ መናገሻነት ከተቆረቆረች በኋላ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ዓይነት ገቢ ጎን ለጎን ኖረውባታል። አንደኛው ጉልት ነው፤ ጉልት ማለት ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለወይዛዝርት፣ ለካህናትና ለአድባራት የሚሰጠው፣ ገባሪው ከሚያመርተው እህል ግብር የመቀበል መብት ሲሆን፣ ባለጉልቱ ሞፈርና ቀንበር ሳይነካ ጎተራው ይሞላ ነበር። ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሠዓሊውና ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ሥራቸው በእህል፣ በአሞሌ ጨው ወይም ኋላ በመጣው የማርያ ትሬዛ ብር የሚከፈላቸው ዋጋ ነው። ባለሙያው ቢታመም ወይም ቢያረጅ ገቢው አብሮ ይቆማል። ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት በቲሸርት፣ በኩባያና በከረጢት ላይ እየታተመ የሚሸጠው ንድፍ ብዙዎችን የሚያጓጓው እነዚህን ሁለቱን ገቢዎች ያገናኛል ስለሚባል ነው፤ ባለሙያው አንድ ጊዜ ይሥላል፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ባለጉልት ተቀምጦ ይቀበላል።

ተቀምጦ መቀበል በጎንደር ምን ያህል የተደራጀ ጉዳይ እንደነበር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአድባራቱ የወንጌልና የሌሎች መጻሕፍት ኅዳጎች ላይ የተጻፉት የሽያጭና የስጦታ መዝገቦች ያሳያሉ። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በስፋት ያጠናቸው እነዚህ መዝገቦች፣ መሬትና ቤት ማን ለማን በምን ያህል ወርቅ እንደሸጠ፣ እነማን እንደመሰከሩና ማን እንደተዋሰ በዝርዝር የሚያስቀምጡ ሲሆኑ፣ ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶችም ጥቂት አይደሉም። ያም ሆኖ መዝገቦቹ የሚያውቁት ሀብት መሬትና ቤት ነው። ሠዓሊው የነደፈው መልክ ወይም ሸማኔው የፈጠረው ጥለት ለልጅ የሚተላለፍ፣ በምስክር ፊት የሚሸጥ ንብረት ተደርጎ አልተቆጠረም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የእጅ ሙያ በአብዛኛው ርስት አልባ በሆኑ ሰዎች እጅ መቆየቱ ነው። ርስት፣ ማለትም በትውልድ ሐረግ የሚወረስ የእርሻ መሬት መብት፣ ለባላገሩ ክርስቲያን የማንነቱ መሠረት ሲሆን፣ ቤተ እስራኤላውያንና ሙስሊሞች ግን በአብዛኛው ከዚህ መብት ውጭ ስለነበሩ ኑሯቸውን በብረት ሥራ፣ በሸክላ፣ በሽመናና በንግድ ላይ መሠረቱ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ በመወሰኑ የሙያና የሰፈር ድንበር አብሮ ጠበቀ፤ አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ክፍልም የሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። ግንበኝነትን የሚያውቁ አንዳንድ ቤተ እስራኤላውያን ለቤተ መንግሥቱ ባገለገሉበት ልክ ማዕረግና መሬት ማግኘታቸው አይካድም። ይህ ግን ሙያቸው ራሱ ገቢ ያፈራ ንብረት ስለሆነ የመጣ አልነበረም፤ ንጉሡ ለአገልግሎታቸው የሰጠው ዋጋ ነበር፤ ንጉሥም የሰጠውን መልሶ ሊነሣ ይችላል።

በትዕዛዝ የመሥራት ልማድ ግን በአካባቢው ሥር የሰደደ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየውም በክታብ ሥራ ላይ ነው። ክታብ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተፋቀ ብራና ላይ የሚጻፍ የመከላከያ ጥቅል ሲሆን፣ ደብተራው ጠባብ የብራና ክፋዮችን በጅማት ወይም በክር ቀጣጥሎ ርዝመቱን በአዛዡ ቁመት ልክ ያደርገዋል፤ ከራስ እስከ እግር ያለው አካል ሁሉ እንዲጠበቅ ታስቦ ነው። በላዩ ላይ ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚመለከቱ ዓይኖችና እርስ በርስ የተጠላለፉ መስመሮች ይሣላሉ፤ ጽሑፉ በጥቁር ሲሆን የቅዱሳን ስምና የጸሎቱ መነሻ በቀይ ቀለም ይጎላል። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ያሸነፈበት ታሪክም ሆነ መርበብተ ሰሎሞን የተባለው ጸሎት ከክታብ ወደ ክታብ እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጠው የአዛዡ የክርስትና ስም ነው። ብዙ ጊዜ ወላድ እናት ወይም ሕፃን የሞተባት ሴት ስለምታሠራው ስሟ በየጸሎቱ መሐል ይገባል፤ ክታቡ በውርስ ወይም በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። በየቤተ መዘክሩ በሚገኙ ክታቦች ላይ ይህ ፍቅታ በግልጽ ይታያል።

አስቀድሞ የተዘጋጀ ንድፍ፣ በደንበኛው ልክና ስም የሚጠናቀቅ ሥራ፣ ሳይታዘዝ የማይዘጋጅ ዕቃ፤ የዛሬው የኢንተርኔት ነጋዴ የሚኮራባቸው ነገሮች ሁሉ በደብተራው ቤት ነበሩ። ያልነበረው ያለ እጅ የሚባዛበት መንገድ ነው። ደብተራው ለእያንዳንዱ ክታብ ብራናውን መዳመጥ፣ ቀለሙን መበጥበጥና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ መጻፍ ነበረበት። ንድፉን የሚያስከብርለት ሕግ ስላልነበረም የሚጠብቀው በምስጢር ነው፤ ጥልስም የሚባሉትን የክታቡን ሥዕሎች አሣሣል ለደቀ መዝሙሩ እንጂ ለማንም አያሳይም። ቤተ ክህነት ሥራውን በይፋ ስለምትነቅፈው ደግሞ ምስጢሩ ድርብ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ በዚያ መስክ መቅዳት ነውር ሳይሆን ግዴታ ነበር። የጎንደር ሠዓሊ ቅዱሳንን እንዳሻው አይነድፍም፤ የታወቀውን አርአያ ተከትሎ ይሥላል እንጂ። አርአያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ነው። በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል ከገባ በኋላ ሚስዮናውያኑ በፋሲለደስ ዘመን ተባረው እንኳ ሥዕሉ ቀረ፤ በሁለት ተነባብረው በተቆለፉ እጆቿ ልጇን የታቀፈችው ማርያም በጎንደር ብራናና ግድግዳ ላይ ሳትሰለች ተደጋገመች። እንደዚሁም በ1591 በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመው ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች ይዞ ደርሶ ለጎንደር ወንጌሎች የሥዕል ምንጭ ሆነ። ጥላ የሌላቸው ደማቅ ቀለሞችና የትይዩ መስመር ልብሶች የሚታዩበት አንደኛው የጎንደር አሣሣል፣ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለሁለተኛው ቦታውን ሲለቅ ፊቶች በጥላ ክብ ሆኑ፣ አልባሳቱም የሕንድና የምዕራብ ጨርቅ መሰሉ። የጎንደር ሊቃውንት ከቴምፔስታ ፈቃድ አልጠየቁም፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን ከአገሩ ውጭ ማን ይጠይቀው ነበር? ጎንደር ዛሬ ንድፏ ተወሰደ ተብሎ ሲነገር፣ ራሷም ስትቀዳ የኖረች ከተማ መሆኗን መዘንጋት የታሪኩን ግማሽ መጣል ነው። ሆኖም የቀዳችውን እንደቀዳች አልተወችውም፤ የሮማ ወታደር በጎንደር ግድግዳ ላይ የሚለብሰው የአገሩን ሰው ልብስ ነው።

በንድፍ ረገድ የጎንደር ሽመና የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳዩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሁለት የሐር መጋረጃዎች ናቸው፤ አንዱ በለንደን በብሪቲሽ ሙዝየም፣ ሌላው በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዝየም ይገኛሉ። ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙት እነዚህ መጋረጃዎች የቤተ መቅደሱን ደጃፍ ለመሸፈን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሐሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ አሠራሩ ግን የአገር ነው። ድሩ በእያንዳንዱ ጥግ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ገበታ ይሾልካል፤ ሸማኔው በመቶ የሚቆጠሩ ገበታዎችን በረድፍ ይዞ አንዳንዶቹን ወደ ፊት፣ አንዳንዶቹን ወደ ኋላ ሲያዞር የድሩ ክሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በመካከላቸው በሚከፈተው ክፍተት ማጉ ያልፋል፤ መስቀሉ ወይም የሰው መልክ የሚወጣውም በዚህ አዟዟር ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ንድፉ በወረቀት ላይ አይገኝም፤ የትኛው ገበታ መቼ እንደሚዞር በሚያውቀው ሰው እጅና ልብ ውስጥ ነው። በጎንደር ይህ ጥበብ ዛሬ የለም። የቀረው በጉድጓድ ሸማ ሥራ ላይ የሚሠራው የነጠላና የቀሚስ ጥለት ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ሸማኔው ክር እየቆጠረ በቃሉ የሚይዘው ነው።

ንድፍ እንዲህ በሰው ውስጥ ሲኖር የሚዘረፈው ዕቃው ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አድባራት ንብረት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ በ1868 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ወደ አውሮፓ ወሰደው። ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ የነበረውን ኵርዓተ ርእሱ የተባለ የክርስቶስ ሥዕል በዚያው ዓመት የወሰደው ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዝየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ሲሆን፣ ዋናው ከአገር ቢወጣም አስቀድሞ በብዙ እጅ ተቀድቶ ስለነበር መልኩ አልጠፋም። በ1888 የሱዳን ደርቡሽ ጦር አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ በጣሪያው ሳንቃ ላይ በረድፍ ተደርድረው ወደ ታች የሚመለከቱት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶችም ከእሳቱ ዳኑ።

ከሁሉ የሚገርመው የ1932ቱ ጉዳይ ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ ጎንደር በቆየባቸው ወራት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ወሰደ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ መላጥ ይቻል ነበር፤ በምትካቸውም የተልእኮው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዝየም አሉ። በአርአያ መቅዳት በሚያምን ባህል ውስጥ ቅጂው ለጸሎት እኩል ሊያገለግል እንደሚችል ተልእኮው ያወቀ ይመስላል፤ በአውሮፓ ግን ዋጋ ያለው ዋናው ብቻ ነበር፣ ልውውጡም በዚህ የአስተሳሰብ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ለውጭ ሰው ተብሎ የተሠራ ንድፍ ገበያ ያገኘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች ሥለው ለአውሮፓውያን ሲሸጡ፣ ሌሎች ሠዓሊዎች ያንኑ ደጋግመው በመቅዳት ኖረውበታል። ከጎንደር በስተሰሜን በቅርብ ርቀት ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከእንስራና ከምጣድ ጎን ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን፣ አንበሳንና ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብን ለጎብኚ ይሠሩ ጀመር። ሠሪዎቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ እንኳ ምስሎቹ መሠራታቸው አልቀረም፤ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ያንኑ ቅርጽ ይዘው ቀጠሉ። ከፍ ብሎ በደባርቅና በስሜን ተራሮች መንገድ ላይ የእረኛ ልጆች የበግ ጠጉር ቆብ ለተጓዦች ይሸጣሉ። የማን ንድፍ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ገንዘቡ አሁንም የእጅ ዋጋ ነበር።

በትዕዛዝ ማተም የሚባለው የንግድ ሥርዓት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ካፌፕሬስ በአሜሪካ በ1999፣ ሬድበብል በአውስትራሊያ በ2006 ሲጀምሩ፣ አማዞን ደግሞ በ2015 የራሱን አገልግሎት ከፈተ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ባለንድፉ የምስል ፋይል ይጭናል፤ ገዢ ሲያዝ ኩባንያው በቀለም ማተሚያ በጨርቁ ላይ አትሞ ይልካል፤ የጨርቁና የኅትመቱ ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ለባለንድፉ ይሰጣል። ለምሳሌ ቲሸርቱ በ25 ዶላር ተሽጦ ኩባንያው 20 ቢወስድ ለባለንድፉ 5 ይደርሰዋል። በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ከሚሸጧቸው ንድፎች መካከል የግዕዝ ፊደል፣ ጀበና፣ የይሁዳ አንበሳ፣ የፋሲል ግንብና የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ይገኙበታል። ሳይሠሩ የሚገኝ ነው የሚባለው ገቢም በተግባር ብዙ ልፋት አለበት፤ ንድፉ በሺህ ከሚቆጠሩ ተመሳሳዮች መካከል እንዲታይ ማስታወቂያና የማያቋርጥ አዲስ ሥራ ይጠይቃል። ጉልት እንኳ ግብሩን የሚሰበስብ ምስለኔ ያስፈልገው ነበር።

ጉልት በሕግ የቀረው በ1966 ሲሆን፣ የ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ንድፍ በአንጻሩ በሕግ ባለቤት ማግኘት የጀመረው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍን፣ ማለትም ለዕቃ የተለየ መልክ የሚሰጥ ቅርጽን ወይም የመስመርና የቀለም ቅንብርን፣ ለአምስት ዓመት የሚጠብቅ ሲሆን፣ ጥበቃው ሁለት ጊዜ በአምስት በአምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የሥዕል ሥራን በሠዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ሁለቱም የፈጣሪው የራሱ የሆነ አዲስ ሥራ ይፈልጋሉ። ከአያት የወረደ ጥለት አዲስ ስላልሆነ አይመዘገብም፤ በቻይና ፋብሪካ በማሽን ተሠርቶ በርካሽ የሚገባው የሀበሻ ቀሚስ ጨርቅም ከሸማኔው መንደር የተነሣውን መልክ ይዞ ሲሸጥ ሸማኔው የሚከሰው ሰው የለም። የጣሪያው መላእክትም እንዲሁ ከጥበቃው ዘመን ውጭ ናቸው። ከነዚያ ፊቶች አንዱ የታተመበት ቲሸርት ሲሸጥ ገንዘቡ ለመሸጫ መድረኩ፣ ለአታሚውና ፋይሉን ለጫነው ሰው ይከፋፈላል፤ ደብሩ የሚያገኘው ጎብኚ በር ላይ የሚከፍለውን የመግቢያ ዋጋ ነው።