ዮሲ ዋሳ

ዮሲ ዋሳ (የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1975) ትውልደ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ኮሜዲያን፣ ተዋናይ፣ የቲያትርና የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊ ነው። ስሙ የገነነው በሁለት ሥራዎች ነው። አንደኛው «በአማርኛ ሲሆን የበለጠ ይጥማል» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የተሰጠው፣ ብቻውን መድረክ ላይ የሚጫወተው ሥራ ነው። ሁለተኛው «ነብሱ» የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲሆን በ2011 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። አማርኛን በርዕሱ የሚያሞግሰው ሥራ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ ቀልዱም ከዚሁ ይጀምራል።

የእግር መንገድ

ዋሳ የተወለደው በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ነው። ማኅበረሰቡ በጎንደር፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወልቃይትና በሽሬ ተበታትኖ ይኖር ነበር። ወንዱ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲሸምን፣ ሴቷ ሸክላ ስትሠራ፣ ርስት ተነፍጎት በሰው መሬት ላይ ያረሰው ብዙ ነው። ጎረቤት «ፈላሻ» ሲል የጠራው ስምም ለማክበር የወጣ አልነበረም።

የሱዳኑ መንገድ የተከፈተው ከትግራይ በኩል ነው። የእንዳ ሥላሴ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረው የትግራዩ ተወላጅ ፈረደ አክሉም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ከእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ከሞሳድ ጋር ተገናኘ፤ ለወገኖቹም በካርቱም በኩል መውጫ እንዳለ አሳወቀ። በመጀመሪያ የተንቀሳቀሱት የትግራይና የወልቃይት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። የጎንደሮቹ በኋላ በብዛት ተከተሉ።

የዋሳ ቤተሰብ ከመንደሩ ሲነሣ ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ነበር። እስከ ሱዳን በእግር የተጓዙት ርቀት 700 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ስደተኛው ሽፍታንም ወታደርንም እየሸሸ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይጓዝ ነበር። ድንበር መሻገር ደግሞ የመከራው ማብቂያ አልሆነም፤ ከመንገዱ ይልቅ የበረታው በመጠለያ ጣቢያዎቹ የነበረው ወረርሽኝ ነበር። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከጣቢያዎቹ አንዱ ኡም ራኩባ ነው። ስሙን የመቀሌ አንባቢ አይስተውም፤ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩት እዚያው ነው።

ኦፕሬሽን ሙሴ የተባለው ምስጢራዊ የአውሮፕላን ማጓጓዝ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. ተጀመረ። ወሬው በጋዜጦች ወጥቶ የሱዳን መንግሥት እስካስቆመው እስከ ታኅሣሥ 27 ድረስ 8,000 ያህል ሰዎች በብራስልስ በኩል እስራኤል ገቡ። ዋሳ የዚያ ማዕበል ልጅ ነው።

ወደ መድረክ

ዋሳ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ቲያትር አጠና። ለሥራው ሁሉ ወሳኝ የሆነው ግን ከደራሲው ሻይ ቤን አታር ጋር የመሠረተው የብዕር ጓደኝነት ነው። ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት «በአማርኛ ሲሆን የበለጠ ይጥማል» ስታንድ አፕ ኮሜዲን ከተረት አወራር ጋር ያጋባ ነው፤ የመንደር ልጅነት፣ የሱዳን ጉዞና የእስራኤል ኑሮ በአንድ ሰው አንደበት ይወራሉ። ዋሳ ሥራውን ይዞ አሜሪካ ድረስ ተጉዟል።

ርዕሱ ራሱ ጥሩ ቀልድ ነው። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ሚኒስትሩም ሽማግሌውም የሰፈር ልጁም «አንተ» ናቸው። ጤና ጠይቆ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ቡና ጠጥቶ ጉዳዩን በሦስተኛው ስኒ የሚያነሣ አባት፣ ቢሮ ውስጥ «ምን ፈለግህ?» ብላ ከምትቀበለው ጸሐፊ ፊት ሲቀመጥ የሚፈጠረውን ማሰብ ነው። ከሽሬም ይምጣ ከጎንደር፣ የሰሜን ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

በአገር ቤት በዚያው ትውልድ ቀልድ የተስፋፋው በካሴት ሲሆን ጣዕሙም የጥንድ ነበር፦ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ያሞኛል። ዋሳ ግን ጠያቂም ተጠያቂም ራሱ ነው። ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚመስለው ይህ ከአሜሪካ ከተቀዳው ስታንድ አፕ ይልቅ እሳት ዳር ተረት ለሚያወራ ሰው ይቀርባል፤ ሳቁ ከጨዋታው መካከል ይመጣል እንጂ በየደቂቃው አይፈበረክም። ከባዱ ሞት እንኳ በዚያው ድምፅ ሊነገር የሚችለው ለዚህ ይመስላል።

«ነብሱ»

ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2017 በሬሼት ጣቢያ መታየት ጀመረ። ዋሳ ከፈጣሪዎቹና ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሲሆን ዋናውን ገጸ ባሕርይም ራሱ ተጫውቶታል። ታሪኩ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ የመጣው ጊሊና ከአውሮፓ አይሁዶች ወገን የሆነችው ሚስቱ ታማር የመሠረቱትን ትዳር ይከተላል። ሁለቱ ተስማምተው መኖር አያቅታቸውም፤ አማቾች ሲገቡበት ነው ነገር የሚወሳሰበው። የእሱ ወላጆች ይሉኝታ ያጠቃቸዋል፣ የእሷ ወላጆች ደግሞ ዘረኛ ላለመምሰል ሲሉ የባሰ ይሳሳታሉ።

ርዕሱን ለአማርኛ አንባቢ መተርጎም አያስፈልግም። «ነፍሱ» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ የተመረጠው ግን ሰው በአፉ የሚለው «ነብሱ» ነው፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ለጉርብትና የቀረበው።

ሥራው የወጣበት ጊዜ ቀላል አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ከተሰራጨ በኋላ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ሰልፍ ተናውጠው ነበር። ኢትዮጵያዊ በእስራኤል ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ የሚታየው በዜና፣ ያውም በችግር ዜና ነበር። «ነብሱ» ያንኑ ሰው ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ ከሚስቱ ጋር አጨቃጨቀው። ከዚህ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2008 ሽሙኤል በሩ የተባለው ሌላው ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ዘሩባቤል» በሚለው ፊልሙ የአንድ ቤተሰብን ኑሮ ከውስጥ አሳይቷል። እሱ ግን ያዘነበለው ወደ ሐዘን ነበር።

ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በተካሄደው 46ኛው ዓለም አቀፍ የኤሚ ሽልማት ሥነ ሥርዓት «ነብሱ» በኮሜዲ ዘርፍ አሸነፈ። የዚያን ምሽት በድራማ ዘርፍ ያሸነፈው በእንግሊዝኛ ስሙ «መኒ ሃይስት» ተብሎ የሚታወቀው የስፔን ተከታታይ ነበር። በኮሜዲ ዘርፍ እስራኤል ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 «ራምዞር» በተባለው ሥራ አሸንፋ ታውቃለች።

ዋሳና ቤን አታር ለልጆችና ለቤተሰብ የሚሆን ቲያትርም ጽፈዋል። ከኢትዮጵያ መንደር ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም የሚጓዝን ልጅ ታሪክ የሚናገረው ይህ ሥራ በኔፌሽ ቲያትር ቀርቦ ኒው ዮርክ በሚገኘው ኒው ቪክቶሪ ቲያትርም ታይቷል። መንገዱ ያው የሱዳን መንገድ ነው፤ ተመልካቹ ግን በዕድሜው ዋሳ ያን ጊዜ የነበረበት ላይ ያለ ሕፃን ነው።