የመረጃ ነፃነት ሕግና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች

የመረጃ ነፃነት ሕግ ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ ያለን መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብቱን የሚደነግግ ሕግ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1766 በስዊድን ወጣ፤ አሜሪካ በ1966፣ ብሪታኒያ በ2000 የየራሳቸውን አወጡ። ስለ ሕጉ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ጋዜጠኛው ነው። ሆኖም ጥያቄው ሲደርስ ሰነዱን ፈልጎ የሚያወጣው፣ ቀድሞም አደራጅቶ ያስቀመጠው የቤተ መጻሕፍት፣ የቤተ መዛግብት ወይም የመዝገብ ቤት ባለሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የብሪታኒያን ልምድ ይመለከታል።

ሕጉ በብሪታኒያ

የብሪታኒያው ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ነው። ስኮትላንድ በ2002 የወጣ የራሷ ሕግ አላት። ጠያቂው ጥያቄውን ከስምና ከአድራሻ ጋር በጽሑፍ ያቀርባል፤ ኢሜይልም ይበቃል። መረጃውን ለምን እንደፈለገው መናገር አይገደድም። መልሱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ሕጉ የሚመለከተው ሚኒስቴሮችን ብቻ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቶችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ከነቤተ መጻሕፍቶቻቸው፣ እንዲሁም ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት፣ ብሪቲሽ ላይብረሪን ጭምር ነው።

አንቀጽ 16 መሥሪያ ቤቱ ጠያቂውን እንዲመክርና እንዲረዳ ያስገድዳል። ይህ ለቤተ መጻሕፍት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አንባቢ «ስለ ውኃ መጽሐፍ አላችሁ?» ብሎ ሲመጣ፣ የፈለገው ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ ይሁን ስለ ውኃ ወለድ በሽታ በትዕግሥት ጠይቆ መረዳት የዘወትር ሥራው ነውና።

የ18 ሰዓት ጣሪያ

የሰነድ አያያዝ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በወጪ ገደቡ ላይ ነው። መረጃውን ለመፈለግና ለማውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ለማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ600፣ ለሌሎች ከ450 ፓውንድ ካለፈ ጥያቄውን አለመቀበል ይቻላል። የአንድ ሰዓት ሥራ በ25 ፓውንድ ስለሚሰላ ገደቡ 24 እና 18 ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ማዘጋጃ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደረሳቸው እንበል። ፋይሎቹን በርእስና በዓመት ያደራጀው በግማሽ ቀን መልስ ይሰጣል፤ ወረቀቱን በየሳጥኑ የከመረው ግን «ፍለጋው ከ18 ሰዓት በላይ ይፈጃል» ብሎ በሕግ ሊከለክል ይችላል። ማንም ምስጢር ሳይደብቅ፣ የመዝገብ አያያዝ ጉድለት ብቻውን ጠያቂውን ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

የሕጉ አንቀጽ 46 ስለ ሰነድ አያያዝ መመሪያ እንዲወጣ ያዘዘውም ስለዚህ ነው። ባለሙያው እያንዳንዱ ዓይነት ሰነድ ስንት ዓመት እንደሚቆይና መቼ እንደሚወገድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ጊዜው ያለፈበትን በሠንጠረዡ መሠረት ማስወገድ ሕጋዊ ነው። መረጃው ከተጠየቀ በኋላ እንዳይሰጥ ብሎ ማጥፋት ግን በአንቀጽ 77 ወንጀል ነው። በዚህ አንቀጽ የመጀመሪያው የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በ2020 ነበር፤ ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ 15 ዓመት አልፎት ማለት ነው። የተደመሰሰው የአንድ ከተማ ምክር ቤት የስብሰባ ድምፅ ቅጂ ሲሆን ቅጣቱ 400 ፓውንድ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ሲጠየቅ

አንድ መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደተዋሰ መጠየቅ ይቻላል። ማን እንደተዋሰው ግን የግል መረጃ ስለሆነ በጥቅሉ አይሰጥም። ከዚህ ይልቅ ያከራከረው የዋጋ ጥያቄ ነው። የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ ዩኒቨርሲቲዎች ለኤልሰቪየር የሳይንስ መጽሔቶች ስንት እንደሚከፍሉ ማወቅ ፈለጉ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ግን በውሉ የምስጢር አንቀጽ ታስረው መናገር አልቻሉም። ጋወርስ በሕጉ መሠረት ለታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄ ላኩ። አንዳንዶቹ የንግድ ጥቅምን ጠቅሰው ቢከለክሉም ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ ሲጠየቅ አብዛኞቹ ሰጡ። በኤፕሪል 2014 በወጣው ዝርዝር ካምብሪጅና ኢምፔሪያል ኮሌጅ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲከፍሉ፣ ኤክሰተር ከ250 ሺህ በታች ይከፍል እንደነበር ታወቀ። እዚህ ላይ ሕጉ ለባለሙያዎቹም ጠቅሟል ማለት ይቻላል፤ ጎረቤቱ ስንት እንደከፈለ ሳያውቅ ሲደራደር የኖረ ገዢ ቢያንስ ማነጻጸሪያ አገኘ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመብቱ መሠረት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ነው። ዝርዝሩ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ሲሆን፣ የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተተክቷል። ጥያቄውን የሚቀበለው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ኃላፊው ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ በእጁ የለም። ወረቀቱ ያለው መዝገብ ቤት ነው፤ ቀነ ገደቡ መከበሩም መዝገብ ቤቱ ፋይሉን በቁጥሩ ማግኘት በመቻሉ ላይ ይመሠረታል።