ሸዋ ደሴት አላት ወይ?

የታሪክ ተማሪዎች ሳለን ወደ ጣና ለጉብኝት የሄድንበትን ጊዜ ከእኛ ባች የሆናችሁ አትረሱትም። ከደብረ ብርሃን ሌሊት በብርድ ተነስተን ባሕር ዳር ስንገባ ጃኬታችንን የምናስቀምጥበት አጥተን ነበር። በማግሥቱ በሞተር ጀልባ ዳጋ እስጢፋኖስ ደረስን። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ሴቶቹ ጓደኞቻችን ጀልባው ላይ ቀሩ፤ እኛ ዳገቱን ወጣን። ዕቃ ቤቱ በር ላይ የተቀበሉን አባት ከየት እንደመጣን ጠየቁን። «ከደብረ ብርሃን» አልናቸው። «እንግዲያማ የከተማችሁ ባለቤት እዚህ ናቸው» ብለው ወደ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አጽም መሩን።

ስንወርድ ሴቶቹ «ምን አያችሁ?» ሲሉን የምንመልሰው ጠፋን። ከመካከላቸው አንዷ ግን ጥያቄዋን አላቋረጠችም፤ «ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩ ንጉሥ እዚህ ውኃ መሀል ምን ያደርጋሉ? ሸዋ ደሴት አላት ወይ?» አለች። ሳቅን። በጊዜው ቀልድ መስሎን ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ባነበብኩ ቁጥር ጥያቄዋ ይመጣብኛል፤ ለዚህ የመገናኛ መጽሔት ጻፍ ስባልም ሌላ ርዕስ አልመጣልኝም። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ሁለቱን እየቀላቀልኩ እንዳላደናግራችሁ ነው።)

የሰሜን ሸዋን ካርታ ዘርግቶ ደሴት የሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ያለን ደጋ፣ ገደልና ቆላ ነው። ከተማችን ራሷ የተመሠረተችው በሰማይ በታየ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን እንዳልቀረ የሚገምቱ የታሪክ ሰዎች አሉ። ዘርዓ ያዕቆብ በዚያ ዘመን እንደ ነገሥታቱ ልማድ ከድንኳን ድንኳን መዞሩን ትተው የዘመናቸውን መጨረሻ በደብረ ብርሃን አሳለፉ። በ1468 ያረፉትም እዚያው ነው። አጽማቸው ግን ዛሬ ያለው ዳጋ ነው፤ ከአፄ ይኩኖ አምላክ፣ ከአፄ ዳዊት፣ ከአፄ ፋሲለደስ ጋር።

ለምን ደሴት? መልሱን ከዳጋ ይልቅ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ማየት ይቀላል። ዛሬ በእግር ስለሚገባበት ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ወሎ ውስጥ ያለው ይህ ገዳም በጥንቱ ጊዜ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር፤ ውኃው እየሸሸ ሄዶ ነው ከመሬት የተገናኘው። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ያሠሩት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ከቡልጋ የሄዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እንግዲህ የእኛ አገር ሰው ለከፍተኛ ትምህርት ደሴት መውጣት የጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን ከመከፈቱ ሰባት መቶ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። (ዶርሙ እንዴት እንደነበር የጻፈልን የለም።)

ተክለ ሃይማኖት ተመልሰው ሸዋ ውስጥ የመሠረቱት ገዳም፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው፣ በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ሲደርስ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት ጦሩ ሐይቅ ሲደርስ ግን ውኃ ገጠመውና መሻገሪያ ማሠራት ግድ ሆነበት። መነኮሳቱም ለመደራደር ጊዜ አገኙ፤ ወርቅና ብሩን አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አተረፉ። ልዩነቱ ይኼው ነው። ደጋ ላይ ያለ ገዳም እሳቱ ሲደርስ ይነዳል፤ ደሴት ላይ ያለ ገዳም ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ያገኛል። መጽሐፍ ለመደበቅ፣ ታቦት ለማሸሽ፣ ሽማግሌ ለመላክ አንድ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ዝዋይ ላይ ያሉት የዘይ ሰዎችም የአክሱም ታቦትና መጻሕፍት በዮዲት ዘመን ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ተጠልለው እንደነበር የሚተርኩት ከዚሁ አሳብ ነው። ጣና ላይ ሠላሳ ሰባት ደሴት አለ ይባላል፤ ቁጥሩ እንደ ውኃው መሙላትና መጉደል ቢለያይም ስንቱ ላይ ገዳም እንዳለ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የአገሩ ሰው ውድ ነገሩን የሚያኖርበት ሣጥን ደሴት ነበር።

እስካሁን ያልኩትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅቷ ለጠየቀችው ጥያቄ የእኔ መልስ ግን ጣና ላይ አይደለም። ሸዋን ከሁሉ በላይ የነካው ደሴት ማንም ሸዌ ረግጦት የማያውቅ፣ ገዳምም የንጉሥ አጽምም የሌለበት፣ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ የማይል የኮራል ድንጋይ ነው። ሙሻ ይባላል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ፣ የዛሬዋ ጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ነው ያለው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ ዋና ከተማቸው አንኮበር ነበረች። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ገበያው አለ፤ ከዚያ ወርዶ ፋሬ ላይ ኬላው አለ፤ ከኬላው ወዲያ በረሃው፣ አዋሽ፣ የአሳል ጨው፣ በመጨረሻም ታጁራ። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ አንኮበር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ይበልጣል። የአፋር ግመሎች ይህን ቁልቁለትና አቀበት እየተመላለሱ ጨው ወደ ላይ ያመጣሉ፤ ወደ ታች ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ጭምር ይወርዳል። አዎ፣ ባሪያ። የአንኮበርን ንግድ እያሞገሱ ይህን መዝለል አይገባም።

የንጉሡ ሥልጣን ፋሬ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የአፋሮች ነው፤ ጫፉ ደግሞ የታጁራ ሡልጣን ነው። ይህ ለዘመናት ሲሠራ የኖረ ነገር ነው፤ ሸዋ ገበያው አለው፣ አፋር ግመሉና ውኃ ጉድጓዱ አለው፣ ታጁራ ወደቡ አለው። አንዱ ያለ ሌላው አይበላም።

በጥር 1839 እንግሊዞች ኤደንን ያዙ። ከሕንድ ወደ ስዌዝ የሚመላለሰው መርከብ በእንፋሎት መሄድ ጀምሮ ስለነበር የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ ያስፈልጋቸው ነበር። ኤደን ከያዙ በኋላ ዓይናቸው ማዶውን ማየቱ አይቀርም። በዚያው ዓመት ሚሲዮናዊው ክራፕፍ አንኮበር ገባ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም መጣ። ፈረንሳይ ከመጣች እንግሊዝ አትቀመጥም። ነሐሴ 19 ቀን 1840 ካፒቴን ሞርስቢ የተባለ የእንግሊዝ መርከበኛ ከታጁራው ሡልጣን ጋር ተዋዋለና ሙሻን ገዛ። ዋጋው ዐሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። ሡልጣኑ ኤደን ላለው የእንግሊዝ ሹም ሳያስታውቁ ከሌላ የኤውሮፓ መንግሥት ጋር ላለመዋዋልም ቃል ገቡ።

ዐሥር ጆንያ ሩዝ ሲባል ሁላችንም ሳቅ ይቀድመናል። እኔ ግን ሡልጣኑ ተታለሉ ብዬ አልጽፍም። ሙሻ ለሳቸው ዓሣ አጥማጅ የሚያርፍበት አሸዋ ነው፤ ሩዝ ደግሞ ታጁራ ላይ የማይበቅል እህል ነው። ከሳቸው ወገን ሆኖ ላየው የከፋ ገበያ አልነበረም። ገዢው የሚያየው ሌላ ነው፤ ገዢው የሚያየው ካርታ ነው። እዚያ ደሴት ላይ ባንዲራ ያቆመ ሰው ወደ ታጁራ የሚገባውንና የሚወጣውን መርከብ ሁሉ ያያል። ቦታው የሰው ሕይወት የሚጠፋበት እስከመሆን ደርሷል፤ ኤደን የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ወኪል አንሪ ላምበር በ1859 የተገደለው ሙሻ አጠገብ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ማለት በ1841፣ ካፒቴን ሃሪስ ትልቅ ልዑክ ይዞ ታጁራ ወረደ። ሐኪም፣ ሠዓሊ፣ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ወታደር፤ ለንጉሡም ጠመንጃና መድፍ። በበረሃው ጉዞ ጎንጎንታ በሚባል ቦታ ሌሊት ተኝተው ሳሉ ሦስት ሰዎቹ ተገደሉበት። ሐምሌ ላይ የሸዋ ድንበር ደረሰ። ከብዙ ደጅ ጥናትና ስጦታ በኋላ ኅዳር 16 ቀን 1841 አንጎለላ ላይ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። አንጎለላ ለማታስታውሱ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ብዙም ሳትርቁ የምታገኙት አገር ነው፤ ስንቶቻችን ነን ተኝተን ያለፍነው!

እኔን የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ያለው የቀን ልዩነት ነው። ሸዋ ውል የፈረመው በኅዳር 1841 ነው። የመንገዱ የባሕር ጫፍ በሩዝ የተገዛው በነሐሴ 1840 ነው፤ ዐሥራ አምስት ወር ቀድሞ። አንጎለላ ላይ ማኅተም ሲደረግ የሚወራው ከደጋ ወደ ባሕር ስለሚሄድ ንግድ ነው፤ የባሕሩ በር ላይ ግን ባለጋራው ቀድሞ ወንበሩን ዘርግቷል። ንጉሡ ብልህ ነበሩ፤ በ1843 ከሮሼ ጋር ለፈረንሳይም ፈረሙ፤ ሁለቱን እያፎካከሩ መሣሪያ ይቀበሉ ነበር። ከተራራ ላይ ሆኖ ሊደረግ የሚችለው ያ ነው። የክፍላችን መምህራን የሣህለ ሥላሴን ውል ሲያስተምሩን የተማርነው እንደ መጀመሪያ ታላቅ የዲፕሎማሲ ሥራ ነው፤ ነውም። እኔ የምጨምረው ከጎኑ የሩዙን ውል አስቀምጣችሁ አንብቡት ነው፤ ሁለቱ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክን፣ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ በ1869 አሰብ ላይ መሬት ገዙ። ጣሊያኖች አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ ከፈቱ፤ ሽማግሌው አንቲኖሪ በ1882 እዚያ ሞተው እዚያው ተቀበሩ። ገጣሚው ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል እስኪቀረው ድረስ ተጉላልቶ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ እንጦጦ ሄደዋል ተባለ። በየካቲት 1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ ዳርቻውን ሲከፋፈሉ ሙሻ ለፈረንሳይ ቀረ። ፈረንሳይም ታጁራን ትታ ጅቡቲን ሠራች። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በአንኮበር በኩል አላለፈም። አልዩ አምባ የአውራጃ ገበያ ሆና ቀረች፤ አንኮበርም ዛሬ የምታውቋት አንኮበር ሆነች፤ ቁርና ጭጋግ፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሕዝብ። ስለ ባሕር በር በተወራ ቁጥር አሰብና ምጽዋ፣ ቢበዛ ከመቶ በላይ ደሴት ያሉት ዳህላክ ይነሳል፤ ሙሻን ስሙን የሚያነሳ ሰው አልገጠመኝም። ለሸዋ ግን ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው ባይ ነኝ። የማትስማሙ መምህራን እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ በዕለቱ ቡና ላይ እንከራከራለን።

ባለፈው ዓመት ከባቻችን አንዱ በትራንስፖርት ሥራ ጅቡቲ ሰንብቶ ነበር። አንድ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀናቸው ነው፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ፎቶ ላከ፤ ነጭ አሸዋ፣ ጥላ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ እሱ በቁምጣ። «ደሴት ላይ ነኝ፣ ሙሻ ይባላል፣ በጀልባ መጥተን እየዋኘን ነው» ይላል። የሩዙን ታሪክ በድምፅ መልእክት ስተርክለት አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ጀልባ ላይ ቀርታ የነበረችው ጓደኛችንም ግሩፑ ውስጥ አለች፤ እሷ ምንም ሳትል ያንኑ ጥያቄዋን መልሳ ጻፈች፤ «ሸዋ ደሴት አላት ወይ?» እሱ ከማታ በኋላ ነው የመለሰው። «ስንት ጆንያ አልክ?» አለ።