«ትኩስ ጠረጴዛ» ማን አዘዘ?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቢሮ ማስታወቂያዎችና በሥልጠና ወረቀቶች ላይ «ትኩስ ጠረጴዛ» የሚባል ነገር ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። መጀመሪያ ያነበበው ሰው ማኪያቶ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በአማርኛ ትኩስ የሚሆነው ቡና ነው፣ ሻይ ነው፣ ከምጣድ የወጣ እንጀራ ነው፤ ሲሰፋም ትኩስ ወሬና ትኩስ ኃይል እንላለን። ጠረጴዛ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ሲባል ግን ሰምተን አናውቅም።

ነገሩ «ሆት ዴስክ» የሚሉት ነው። ሠራተኛው የኔ የሚለው ጠረጴዛ የለውም፤ ጠዋት ክፍት ያገኘው ወይም አስቀድሞ ያስያዘው ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ስንቱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ሰደደ። ሲመለስ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚገባው በረከተ፤ ባዶ ለሚውል ጠረጴዛ ኪራይ መክፈል ያንገሸገሻቸው አለቆችም ቢሯቸውን እንደ አዲስ አስነደፉ። ይህን አንባቢ ስለሚያውቀው ወደ ቃሉ ልለፍ።

የእንግሊዝኛው ሙቀት የመጣው ከመርከብ ነው ይባላል። በጠባብ መርከብ ላይ አልጋ ለሁሉ አይዳረስም፤ አንዱ ባሕርተኛ ለጥበቃ ሲነሣ ሌላው ገብቶ ይተኛበታል፣ አልጋው ሳይቀዘቅዝ ሰው ይለውጣል። ተርጓሚዎቻችን አልጋውንም መርከቡንም ትተው ሙቀቱን ብቻ አመጡልን።

«የጋራ ወንበር» ያሉም አሉ። ወንበር ግን በአማርኛ የቤት ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የቅኔ መምህር ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል፣ ዳኛ በወንበሩ ይሰየማል፣ ባለሥልጣን ወንበሩን አልለቅ ይላል። ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ወንበር ተጋሩ ቢባል ጥምር መንግሥት የመሠረቱ ይመስላል። ግእዝ ወዳዱ «ኅቡር መንበር» ሊለን ይችላል፤ መንበር ታቦት የሚያርፍበት፣ ፓትርያርክ የሚቀመጥበት ነውና ላፕቶፕ አይዘረጋበትም። «ተዘዋዋሪ ጠረጴዛ»ም አያስኬድም፦ በተዘዋዋሪ ችሎት የሚዞረው ችሎቱ ራሱ ነው፤ እዚህ ግን ጠረጴዛው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ የሚዞረው ሰውየው ነው።

የባዕድ ቃል ጠላት አይደለሁም። ጠረጴዛ ራሱ የግሪክ ነው፣ ቢሮም ከፈረንጅ የመጣ ነው። ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የሐርጌሳ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በዳሚ አማርኛና ሶማሊኛ በር ለበር ናቸው፤ የጎረቤቱን ቋንቋ ልብ ያለ ሰው ደግሞ ከውሰቱም ከፈጠራውም የሚማረው አለ። ሶማሊኛ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲን ፊደል ይዞ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሲሆን የቃል ችግር ገጥሞት ነበር። ለሶሻሊዝም «ሀንቲ ወዳግ» አለ፤ ሀንቲ ሀብት ነው፣ ወዳግ መጋራት፤ እረኛውም ይገባዋል። ቢሮን ግን «ሐፊስ»፣ ጠረጴዛን «ሚስ» እያለ በውሰት ተወው። እኛ ለዚያው ሶሻሊዝም «ኅብረተሰብአዊነት» የሚል ረጅም ቃል ሠራን፤ ሕዝቡ ሶሻሊዝም እያለ ቀጠለ። በአንጻሩ ላብ አደር፣ ወዝ አደር፣ ሠርቶ አደር ሲባል ሦስቱም ወዲያው ገባን፤ «አደር» ከገበሬውም ከወታደሩም አፍ የማይጠፋ ነዋ። ሥሩ ሕያው ከሆነ ቃሉ ሰው ያገኛል። ካልሆነ «ሆት ዴስክ» ብሎ መዋስ ከ«ትኩስ ጠረጴዛ» በስንት ጣዕሙ!

የኔ ምርጫ «የባለተራ ጠረጴዛ» ነው። ተራ ወረፋ ነው፦ ፀጉር ቤት ገብተን «ባለተራው ማነው?» እንላለን። ተራ ቦታም ነው፦ አውቶቡስ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ጊዜንም ቦታንም በአንድ አፍ የሚናገር ቃል እያለን ከመርከብ ሙቀት መበደር ምን አመጣው? «የተረኛ ጠረጴዛ» የሚል ቢመጣ ግን አልደግፍም። ተረኛ ድሮ ዘበኛና ሐኪም ነበር፤ ዛሬ ቃሉ ሲነሣ የቢሮው ወሬ ወደ ፖለቲካ ይዞራል።

ባለተራ ሌላም ነገር ያስታውሳል፤ ተራው ሲያልቅ ይነሣል። የአገራችን ቢሮ ጠረጴዛ እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። ከመስተዋቱ ሥር የልጆች ፎቶና የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አለ፣ መሳቢያው ውስጥ ነጠላ ጫማ፣ ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ ያ ታዋቂ ኮት። ኮቱ ቢሮ ይውላል፣ ባለቤቱ ጉዳዩን ሲያስፈጽም ይውላል፤ ባለጉዳይም «አለ፣ አሁን ወጣ» ይባላል። የባለተራ ጠረጴዛ በመጀመሪያ የሚያባርረው ይህን ኮት ነው፤ ለዚህስ ብዙ አላለቅስም።

ሠራተኛው ግን ለዕቃው ቦታ ያስፈልገዋል። ቻያት ዴይ የተባለው የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የሎስ አንጀለስ ሠራተኞቹን የግል ጠረጴዛ አሳጣቸው። ጠዋት ስልክና ላፕቶፕ ተሰልፈው ይረከባሉ፤ ወረቀት ማኖሪያ ያጡት የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ መጫኛ መዝገብ ቤት አደረጉት፣ ሰነዷን በልጆች መጫወቻ ጋሪ እየጎተተች የምትዞርም ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ ሐሳቡን ተወው። ስለዚህ ነዳፊው ከባለተራው ጠረጴዛ ጎን ቁልፍ ያለው የግል ሣጥን ይጨምር፤ እሱን «ሎከር» ብንለው አልቆጣም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ባለ» የምትለዋ እንዳትወድቅ። ማስታወቂያው አጥሮ «ተራ ጠረጴዛ» ከተባለ ሠራተኛው ደረጃው የተቀነሰ መስሎት አቤቱታ ይዞ የሰው ኃይል ክፍል ደጃፍ ላይ ይሰለፋል።